ቅድሚያ

ሰሜን ዌልስ ነው፤ ድሮ የተተወ የድንጋይ ካባ፣
ጭቃው ጫማ እየሳመ፣ እሑድ ጧት ስንገባ፣
የኔ ሥራ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አዝራር መጫን ነበር፤
ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ጆሮዬ በጥጥ የታጠር።

"ልቀቅ!" ሲሉኝ እለቃለሁ። ሸክላው ይፈናጠራል፤
እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብ፣ ብርቱካን መስሎ ይበራል፤
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ገደሉን ታክኮ፣
ለማንም ያልተጻፈ ደብዳቤ፣ በችኮላ ተልኮ።

መረሪድ የዚያን ዕለት መጣች፤ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዳች፣
የባሏን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ያመጣች።
ባሏስ? አልጠየቅንም። እሷም አላወራች።
እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፤ ጉንጯን ከእንጨቱ አጣበቀች።

"ልቀቅ!" ለቀቅሁ። ተኮሰች። ሸክላው መንገዱን ቀጠለ፤
ከማዶ ሣር ላይ አረፈ፣ ጫፉ ሳይጎድል፣ ምንም እንዳልተባለ።

"ኋላ ነሽ" አላት ኢድዋል።
ደገመች። "ኋላ ነሽ።"
ሠለሰች። "አሁንም ኋላ።
የምትመቺው ትናንቱን ነው፤ ጥሎት የሄደውን ጥላ።"

ኢድዋል የባቡር ምልክት ሠራተኛ ነበር፣ ጡረታ የወጣ፣
አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ቃሉ በመከራ የሚመጣ።
"ቅድሚያ ስጪው" አላት።
ሳቀች። "ቅድሚያ?
ሃያ ስድስት ዓመት ምን ስሰጥ ኖርኩና?
ለትራክተር፣ ለበግ መንጋ፣ ለሙሽራ መኪና፣
ለሬሳ።
ቅድሚያ ማለት ቆሞ ማሳለፍ ነው፤ ይኼን ማን ያስተምረኛል?"
"እሱ የመንገዱ ነው" አለ። "እዚህ ከቆምሽ ያመልጥሻል።
እዚህ ቅድሚያ፣ ሸክላው ገና ያልደረሰበትን፣
ከፊቱ ያለውን ባዶ መድፈር ነው፤ ምንም የሌለበትን።"

"ስንት ነው ታዲያ? በክንድ ንገረኝ፤ በስንዝር ለካልኝ።"

ዝም አለ እሱ። ወረፋ የያዙት ግን መልስ አላጡም፦
ሥጋ ሻጩ ግሪፍ፣ "የአንድ በር ስፋት"፤
ነርሷ ኦልወን፣ "ሁለት ክንድ፤ ነፋስ ካለ ሦስት"፤
አንዱ፣ "የተኛች በግ ርዝመት"፤
ሌላው፣ ያ ሁሉን የሚሰብረው፣ ትከሻውን እያነሣ፣
"እኔስ ክፍተት የሚባል አይቼም አላውቅ፤ ልቤ ነው የሚነሣ።"
ያንኑ ሸክላ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሁሉም ይመታል፤
ክፍተቱ ግን እንደ ሕልም ለየባለቤቱ ይፈታል።

ክንድ ልለካ ብላ ዓይኗን ወደ አፈሙዙ መለሰች፤
ዓይን ሲመለስ እጅ ይቆማል። ጠመንጃው ቆመ። ሳተች።
"እንዴ!" አለ ኢድዋል፣ "ብረቱን ምን አድርጊ ብሎሽ ታዪያለሽ?
አውቶቡሱንስ መሪው ላይ አፍጥጠሽ ነው የምትነጂው?"

ያኔ ትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ላላ፤ ከሳጥኔ አየሁት።
"ልቀቅ" አለች ቀስ ብላ፤ ለመስማት አጎነበስኩለት።
ከኋላው ተነሣች። ደረሰችበት። አለፈችው። አልቆመችም።
ስታልፍ ነው የተኮሰችው፤ ተኩሳም እጇን አልሰበሰበችም።

ሸክላው አልወደቀም።
ጥቁር ጢስ ሆኖ፣ ለትንሽ ጊዜ፣ እዚያው ሰማይ ላይ ቀረ።

"ስንት ነበር?" አላት ግሪፍ። የጠየቀው እንኳ አፈረ፤
ለካ እሷ አስባበታለች። "ለአውቶቡስ የሚሮጥ ሰው" አለች፣
"በሩ ጋ ሊደርስ የሚቀረውን ያህል።"
ቀጣዩን ሳተች።
ከሃያ አምስት አራት ነው የዚያን ቀን የመታች።

ማታ ያልተሰበሩትን ከሣሩ ስለቅም፣ አንዱ ላይ፣
ከጀርባው ጠርዝ፣ አንዲት የእርሳስ ፍሬ በስታ ያለፈችበት ቀዳዳ፤
ጥቂት ነበር የቀራት፣ የጥፍር ያህል።
ላሳያት ብዬ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት። ረሳሁት።

ሰኞ ጧት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ አውቶቡሷ ውስጥ ቁጭ ስል፣
ቀጭ! አለ ከኪሴ። በመስተዋቷ አየችኝ፣ ምንም ሳትል።
ቆማ ነበር። ከፊቷ በጎች መንገዱን ሞልተው፣
አንድ በአንድ ያልፋሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ቅድሚያቸውን አግኝተው።